የተተወው ሦስት ሜትር

ልጅቷን የምናገኛት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማ ነው፤ ከዚያው እንነሣ። ዐሥር ቀን ሙሉ እዚያው ናት፣ የኔ ምስኪን! ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ ትቆማለች፣ ወደ ቤቷ ስትወጣ ትቆማለች። ጥበቃው ሳይቀር «እቴ፣ ወረቀት አያድግም እኮ፤ ምን ታይዋለሽ?» ብሎ ቀልዶባታል።

ሰሌዳው በከተማው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ መግቢያ ላይ ያለው ባለ መስታወቱ ነው። ቤት ልሥራ፣ ፎቅ ላቁም የሚል ሰው ሁሉ ጉዳዩ ለዐሥር ቀን እዚያ ይለጠፋል። ጎረቤት መጥቶ ያያል፤ ቅር ያለው ማመልከቻ ያስገባል፣ ቅር ያላለው ዝም ይላል፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን ኮሚቴው ይቀመጣል። የሚለጠፈው ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ቦታው ዛሬ ምን እንደሚመስልና በግራ በቀኝ ማን እንደሚያዋስነው። ሊሠራ የታሰበው የሕንፃው ፕላን ግን እስከ ስብሰባው ቀን ከፋይሉ ንቅንቅ አይልም። ልጅቷ ራሷ የቢሮው ፕላን መርማሪ ናት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፋይሉን ብድግ አድርጋ ታየው ነበር። የዚህኛውን እንዳትነካ ተከልክላለች፤ የከለከለቻትም ራሷ ናት። «አዋሳኙ አባቴ ናቸው፤ አመልካቿ ደግሞ የ... የማውቀው ሰው እናት ናቸው» ብላ በጽሑፍ አሳውቃ፣ ጉዳዩ ለሌላ መርማሪ ተሰጠ። ደንብ ነው።

ታዲያ ከዚያች ገጽ ላይ ምን አየች? የአባቷን ሱቅ አየች። አባቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው። አዲሱን ሕንፃ የሚያዋስነው የሱቃቸው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በወፍራም ጥቁር መስመር ተሥሏል። በነሱ ሙያ ይኸ ድፍን ግድግዳ ነው፣ መስኮት የለውም ማለት ነው። ውሸት! ሰፊ መስኮት አለው። አባቷ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የተቀመጡት እዚያ መስኮት ሥር ነው። ያ ብርሃን ባይኖር ያቺን የጤፍ ፍሬ የምታህል ብሎን በምን ያይዋታል?

የቢሮው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው። የጎረቤት ግድግዳ መስኮት ካለው አዲሱ ሕንፃ ሦስት ሜትር ይርቃል፤ ድፍን ከሆነ ግን ተለጥፎ መሥራት ይቻላል። እንግዲህ መስኮቱን ከወረቀት ላይ ያጠፋ ሰው ባለ አምስት ፎቁን ሕንፃ የሰዓት ሠሪው አፍንጫ ላይ ሊያቆም ነው። ለሷ የገባት እንዲህ ነበር።

ከገጹ ሥር ያለው ፊርማ የአርክቴክቱ ነው። የሷ ሰው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሌላ ሰው ፊርማ ቢሆን ኖሮ ተሳድባ ይወጣላት ነበር።

የሷ ሰው የሆነው በምን መሰላችሁ? በክሊኒክ ፕላን። አምና የአንዲት ክሊኒክ ፕላን ይዞ መጣ። መርማሪ ስህተቱን በቀይ እርሳስ ከዳር ይጽፋል፣ ነዳፊው በሰማያዊ ይመልሳል፤ የቢሮው ወግ ነው። «ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰዎች እንዴት ይተላለፋሉ?» ብላ ጻፈች። «እየተሳሳቁ» የሚል በሰማያዊ መጣላት። ደረጃውን ግን አስፍቶታል። ፕላኑ አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሁለቱ ለስህተት፣ ሁለቱ ለፍቅር ነበር። ከዚያ ሻይ መጣ፣ ከሻይ ቀጥሎ የእግር መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ ሰዓቴ ቆመ ብሎ ሰበብ ፈጥሮ አባቷ ሱቅ ከተፍ አለ። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ «አባባ፣ ይኸን የመሰለ ብርሃን ከየት አገኙት?» ቢላቸው፣ «በመሮ ነዋ! ማንን ልጠይቅ!» ብለው ሳቁ። እሱም ሳቀ። እሷ ሻይ እየቀዳች ስለነበር ነገሩን ልብ አላለችውም።

እናቱ ደግሞ ሌላ ናቸው። ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ከጀርባ «እመት ፎቅ» ይሏቸዋል፤ በከተማው ስድስት ሕንፃ አቁመዋል፣ ይኸ ሰባተኛው ነው። ልጅቷን አንድ ቀን ብቻ፣ ክሊኒኩ ሲመረቅ አይተዋታል። ከጫማዋ ጀምረው እስከ ፀጉሯ ወጡና «ቀይ እርሳሷ አንቺ ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። የሰዓት ሠሪ ልጅ መሆኗን ስትነግራቸው ቅንድባቸው ከፍ አለ፤ እዚያው ከፍ እንዳለ ቀረ።

እና ያቺን ጥቁር መስመር ስታይ ሌላ ምን ትበል? እናቱን መረጠ፣ አለች። በሦስተኛው ቀን በጥበቃው በኩል ደብዳቤ ላከላት። አልከፈተችውም። በቀይ እርሳሷ ፖስታው ላይ፣ ልክ ስህተት በበዛበት ፕላን ላይ እንደሚጻፈው፣ «ተመላሽ» ብላ ጽፋ መለሰችለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ትለቅማለች፣ ቆዩ።

* * *

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ከስብሰባው በፊት ሱቁ ገባች። አባቷ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቋታል።

«አባባ፣ ማመልከቻውን አስገባህ አይደል? ትናንት የመጨረሻው ቀን ነበር።»

«አላስገባሁም።»

«ምን አልክ?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ማመልከት የሚችለው ባለይዞታው ብቻ ነው። እሷ ብትፈልግም አትችልም፤ ለዚህም ነበር ቀን በቀን ስትጨቀጭቃቸው የከረመችው፣ እሳቸውም ቀን በቀን «እሺ፣ እሺ» ሲሏት የከረሙት።

«መስኮቱን እኮ ነው የሚደፍኑብህ! ገብቶሃል?»

«አምፖል አለ።»

«በአምፖል ዓይንህ እንደሚያለቅስ አላውቅም?»

«እንግዲህ ያልቅስ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ወረቀት ያስገባሁ ቀን እኔና የልጁ እናት ባላጋራ ነን። መስኮቴን ልጠብቅ ብዬ ያንቺን በር ልዝጋ? ትወጂዋለሽ እኮ።»

«አልወደውም!»

«ልጄ፣ እኔ ሰዓት ነው የምጠግን። የቆመና የሚሄድ አልለይም?»

«ግድግዳህን የደፈነው እሱ እኮ ነው! በገዛ እጁ! እዚህ፣ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ!»

«አይቼዋለሁ። ለምን ብለሽ ጠይቀሽዋል?»

«ምኑ ይጠየቃል?»

ባርኔጣቸውን አድርገው ቀድመዋት ወጡ። አባቷ የዓይናቸውን ብርሃን ለሷ ሲሉ ሊሰጡ ነው፤ እሷ እንደምታስበው፣ ለማይረባ ሰው። ሙሉውን መንገድ እያለቀሰች ሄደች፤ እሳቸውም እንዳላዩ ሆነው ሁለት እርምጃ ቀደም ቀደም እያሉ ሄዱላት።

* * *

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ መሃል ላይ ሰብሳቢዋ፣ ከጎናቸው ጉዳዩን ከሷ የተረከበው መርማሪ፣ ጋሽ ማስመሪያ። ማስመሪያ ከደረት ኪሱ ተለይቶት ስለማያውቅ ነው ይኸ ስም የወጣለት፤ የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር ለክቶ ነው የሚጠጣ ይሉታል። እመት ፎቅ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። አርክቴክቱ ፕላኑን ከሰሌዳው ላይ እየሰካ ነው። ከስቷል። ዞር ብሎ በዓይኑ ፈለጋት፤ ሲያገኛት ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ጣሪያው ምንም አልነበረውም።

ፕላኑ ተዘረጋ፤ እሷም ጠላሁት ያለችውን ሰው ሥራ ሳትወድ በግድ አየችው። ሙያ ክፉ ነው፤ ዓይኗ ከልቧ ቀድሞ አነበበ። በአባቷ ግድግዳና በሕንፃው መሃል ነጭ ቦታ አለ። ከታች እስከ አምስተኛ ፎቅ ባዶ። መሃሉ ላይ በሱ እጅ ጽሕፈት፦ ሦስት ሜትር። ምን ማለት ነው? ግድግዳው ድፍን ነው ብሎ ሥሎ፣ መልሶ ለምን ይርቃል?

ጋሽ ማስመሪያም ግራ ገብቶታል። ጉሮሮውን ጠረገ። «ፕላኑ ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። አዋሳኙ ግድግዳ ድፍን ነው፤ ደንቡ ርቀት አይጠይቅም። ነዳፊው ግን ሦስት ሜትር ትተዋል። ይኸን የሚያህል ቦታ ለምን ባከነ?»

እመት ፎቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ደንብ ነው አላልከኝም?»

«እማዬ...»

«ደንብ ነው አላልከኝም ወይ ነው የምልህ!»

«ለአየር ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«አየር ከፈለግህ ጣሪያ ላይ ውጣ!» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ስህተት ነው። ሕንፃዬ እስከ ወሰኔ ድረስ ይሠራ፤ ዛሬውኑ ይታረምልኝ።»

«ነዳፊው የሚጨምሩት አለ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

አርክቴክቱ አባቷን አያቸው፤ ከዚያ እሷን አያት። «የለኝም።»

«እኔ ለማንኛውም ብዬ» አለ ጋሽ ማስመሪያ፣ «የሱቁን ማኅደር ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ አይቻለሁ። በዚያ በኩል መስኮት ተፈቅዶ አያውቅም።»

ተፈቅዶ አያውቅም!

መስኮቱ ሲከፈት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከሱቁ ጥግ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ዓይኗ እንባ በእንባ ይሆን ነበር። አንድ እሑድ አባቷ መሮና መዶሻ ይዘው መጡና ግድግዳውን ይበሱት ጀመር፤ አቧራው ሁለቱንም ነጭ አድርጓቸው እየተያዩ ሲስቁ ዋሉ። ፈቃድ! ማን ፈቃድ አስቦ! ይኸው ዛሬ አገር ምድሩን «የመስኮትህ ፈቃድ የታለ?» ስትል የምትውለው መርማሪ፣ አንድም ቀን የአባቷን ጠይቃ አታውቅም።

አርክቴክቱ ግን አውቋል። በመሮ ነው ሲሉት፣ ስቆ፣ ይዞት ሄዷል። መስኮቱን ሥሎት ቢሆን ጋሽ ማስመሪያ ማኅደሩን አውጥቶ ያመሳክራል፤ ፈቃድ የለውም፣ ይደፈን የሚል ትእዛዝ ይወጣል፤ ቀጥሎም «የቢሮው መርማሪ እያየች እንዴት ዝም አለች?» ይባላል፣ እንጀራዋ ያከትማል። ስለዚህ መስኮቱን ወረቀት ላይ ደበቀው፣ ብርሃኑን መሬት ላይ ተወላቸው። ለዚህ ብሎ ከተማውንም እናቱንም ዋሸ። ይኸንኑ ጽፎ ላከላት። እሷም በቀይ እርሳስ መለሰችለት። በሉ፣ አሁን ትልቀም እንግዲህ!

«ተቃውሞ ከሌለ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ብዕራቸውን ወደ ቃለ ጉባኤው ዝቅ አድርገው፣ «ሕንፃው እስከ ወሰን ድረስ...»

አባቷ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዝም ካለች ሥራዋ ይተርፋል፣ የሱም የሙያ ፈቃድ ይተርፋል፣ የአባቷ ዓይን ግን እድሜውን ሙሉ ከአምፖል ሥር ይቀራል። ከተናገረች ደግሞ ማን እንደሚተርፍ እግዜር ይወቅ። ተነሣች።

«ተቃውሞ አለ።»

«አንቺ እዚህ ጉዳይ ላይ መናገር አትችይም» አላት ጋሽ ማስመሪያ፣ በርኅራኄ ጭምር። «ራስሽ ነሽ የወጣሽው።»

«እንደ መርማሪ አይደለም ጋሼ። እንደ ጥፋተኛ ነው። ግድግዳው ድፍን አይደለም። መስኮት አለው። አባቴ ነው የከፈተው፣ ያለ ፈቃድ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። የከፈተውም ላጠናበት ብሎ ለኔ ነው። የሰውን ሁሉ መስኮት ስመረምር የራሴን አልመረመርኩም። ቅጣት ካለ የኔ ነው።»

«ቁጭ በይ!» ብሎ ጮኸ አርክቴክቱ። በዐሥር ቀን ውስጥ ያላት የመጀመሪያ ቃል ይኸ ነው። «እባክሽ ዝም በይ! እሷ የምታውቀው ነገር የለም። መስኮቱን በዓይኔ አይቼ፣ አውቄ ነው የተውኩት። የሐሰት ሥዕል ያቀረብኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ዝም በል!»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አሉ ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መትተው። «ይኸ ኮሚቴ ነው፣ ሳሎናችሁ አይደለም!»

የኮሚቴው አባላት ጠረጴዛው ላይ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሰብሳቢዋ አንድ በአንድ አነበቡት። ፕላኑ ይመለሳል። የአርክቴክቱ የሙያ ፈቃድ ለስድስት ወር ይታገዳል። መርማሪዋ ማጣራቱ እስኪያልቅ ከምርመራ ሥራ ትነሳለች። መስኮቱን በተመለከተ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ የቆየ ስለሆነ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ አዋሳኟ ባለይዞታ ከፈረሙ። ካልፈረሙ ይደፈናል።

ሰው ሁሉ ወደ እመት ፎቅ ዞረ። እሳቸው የሚያዩት ልጃቸውን ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አይሆንም ትይኝ ነበር።»

«እና አይሆንም ልበላ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «እናትህ አይደለሁ? አይሆንም እላለሁ፣ ታኮርፋለህ፣ እራት አልበላም ትላለህ፣ ሦስት ቀን ቆይቼ እሺ እላለሁ። እንዲህ አይደል ያሳደግሁህ? ከመቼ ወዲህ ነው ፈርተኸኝ የምትዋሸኝ?»

ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ትልቅ ሰውዬ በአደባባይ ሲያለቅስ ማየት ደግሞ ያስጨንቃል።

እትዬ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ? ትወጂዋለሽ?»

«ዐሥር ቀን ጠልቼው ነበር» አለች። «ጠልቼው እንኳ ጠዋት መጀመሪያ የማስበው እሱን ነበር። አዎ እትዬ፣ እወደዋለሁ።»

«እርስዎስ?» አሉ ወደ ሰዓት ሠሪው። «ዐሥር ቀን ሙሉ ለምን አልተቃወሙኝም?»

አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «ልጄ ትወደዋለቻ፣ እትዬ። መስኮት ለራሴ አልከፈትኩትም፣ ለሷ ነው። ለሷ ከሆነ ቢዘጋስ?»

እመት ፎቅ በሕይወታቸው ቦታ የሚለቅላቸው ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ ሁሉም የሚሟገታቸው ነው። «ወረቀቱን አምጡ» አሉ በመጨረሻ። ፈረሙ። «ይኸ ለሳቸው ነው። ላንቺ አይደለም፤ አንቺን ገና አላውቅሽም። ለአንተማ ጭራሽ አይደለም።» ልጃቸውን ሳያዩት አልፈው ወጡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ታይተዋል።

* * *

ኮሪደሩ በባለጉዳይ ተጨናንቋል። ፋይል የያዘ፣ ተራ የሚጠብቅ፣ በወረፋ የሚጣላ። እሱ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ለምን አልነገርከኝም? በአካል መጥተህ፣ ይዘህኝ፣ ጮኸህብኝ!»

«ካወቅሽ ዝም እንደማትይ አውቃለሁ።»

«ደብዳቤ ላይስ ለምን ጻፍከው ታዲያ?»

«ስትጠይኝ አልቻልኩማ። ሦስት ቀን ሞከርኩት፤ አልተቻለም።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ይህን ሰው ዐሥር ቀን በልቧ ስትሰቅለው ስታወርደው ከርማለች፤ እሱ ደግሞ በዚያው ዐሥር ቀን እሷንና አባቷን ተሸክሞ ብቻውን ቆሟል። ማፈር እንዲህ እንደሚያም አታውቅም ነበር።

«ሥራህን አስወሰድኩብህ» አለች።

«ያንቺስ?»

«የኔም ሄደ መሰለኝ።»

«እናቴም አላናገረችኝም።»

«እኔንም አላውቅሽም ብለዋል።»

ተያዩ። የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ ግን ሁለቱም ሳቅ እያፈናቸው ነው። ተራ ጠባቂዎቹ ወሬ ሸቷቸው ጆሯቸውን ወደነሱ አቅንተዋል። አባቷ ከበሩ ማዶ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«እጄን ያዝ» አለችው።

«ሰው ያያል።»

«ይይ።»

ያዛት። ነገ ምን እንደሚሠሩ፣ ከማን ቤት ምን ተብሎ እንደሚገባ፣ ስድስት ወር እንዴት እንደሚገፋ አንዱም አልታያትም።

«ፈርቻለሁ» አለችው።

«እኔም» አለ። እጇን እንደያዘ በባለጉዳዩ መሃል ወደ በሩ መራት።